«ከየት ይምጣ?» ለበጀት ክርክር የትኛውን ደንብ እንምረጥ

አምና በተማሪዎች ፓርላማችን የፌዴራል በጀት «አጸደቅን»። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነበረን። የመጀመሪያው አጀንዳ የትምህርት በጀት ነበር። የተማሪዎች ምገባ ተነሣ። ቀጥሎ የመጽሐፍ እጥረት መጣ። አንዱ ለሌላው መልስ ሊሰጥ እጁን ያወጣል፣ ሌላው ደግሞ ለመልሱ መልስ አለኝ ይላል። 10 ሰዓት ከ50 ሲሆን ገና እዚያው ነን። የቀረውን በጀት በሙሉ በ5 ደቂቃ ጨረስነው። «የተቃወመ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። ጸድቋል።»

ስንወጣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አስቆመችኝ። «ቲቸር፣ ዕዳ የሚከፈልበትን ብር መቼ ተከራከርንበት?»

አልተከራከርንበትም። መንገዱንም፣ ጤናውንም፣ ለክልሎች የሚሄደውንም አልተከራከርንበትም።

የዚያን ዕለት ማታ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ጣና ዳር ዓሣ ጥብስ እየበላን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስንጨቃጨቅ አመሸን። አንዱ «ልጆቹ ወሬ ይወዳሉ» አለ። ሌላዋ «አፈ ጉባኤዋ ደወል መደወል ትፈራለች» አለች። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። «ለአንድ ተናጋሪ 3 ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩና ደንብ ያወጣሁ መስሎኝ ተኛሁ። የደቂቃ ገደብ ብቻውን ደንብ አይሆንም። ክርክሩን የሚለውጠው ድምፅ የሚሰጥበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው ጠቅላላው ነው ወይስ ዝርዝሩ? «ጨምሩልኝ» የሚል ሰው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የመናገር ግዴታ አለበት ወይ?

ክረምቱን ልዩ ልዩ አገሮች ይህን እንዴት እንደሚመልሱ ሳነብ ከረምኩ። የተማሪዎች ፓርላማ ለምትመሩ፣ የማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ለምታዘጋጁ፣ እንዲሁም በሰኔ ቴሌቪዥን ከፍታችሁ «ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ይሄዳል?» ለምትሉ ይጠቅም ይሆናል።

ከቤታችን እንጀምር

በሕገ መንግሥታችን የፌዴራሉን በጀት የሚያዘጋጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ምክር ቤቱ በሩን በሚዘጋበትና አዲሱ ገንዘብ በሚያስፈልግበት ቀን መካከል ያለው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም «ክርክሩ ይቁም» ሳይል ቀን መቁጠሪያው ራሱ ያስቆመዋል።

አካሄዱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የገንዘብ ሚኒስትሩ ረቂቁን ያብራራሉ። ረቂቁ ለበጀት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። በመጨረሻው ቀን አባላት ይጠይቃሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይመልሳሉ፣ ድምፅ ይሰጣል። የ2018 በጀት፣ ማለትም 1.93 ትሪሊዮን ብር፣ በሰኔ 2017 መጨረሻ የጸደቀው በዚሁ መንገድ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልላችን ምክር ቤትም የራሱን በጀት ያጸድቃል። ከፌዴራል የሚመጣለት ድጎማ ግን በሌላ ቤት ቀመር የሚከፋፈል ነው፤ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ይህ አሠራር ሲጠቃለል ጥያቄና መልስ ነው። ፈጣን ነው፣ በሰዓቱ ያልቃል፣ ትልልቅ ጉዳዮች ለሕዝብ ጆሮ ይደርሳሉ። ነገር ግን አንድ አባል «ከዚህ 2 ቢሊዮን አንሥተን እዚያ እናድርግ» ብሎ አሃዝ ሲያንቀሳቅስ ብዙም አናይም። ልጆች ሲኮርጁት ደግሞ ወዲያው አቤቱታ ማቅረቢያ ይሆናል። አምና የደረሰብን እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የ2017 በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ፣ ኅዳር ላይ፣ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት መጣ። ከመጀመሪያው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የትኛውንም ደንብ ምረጡ፣ ለተጨማሪ በጀትም እንደሚሠራ አብራችሁ ጻፉ። አለበለዚያ በፊት ለፊት በር ያስከበራችሁት ደንብ በጓሮ ይሾልካል።

ጊሎቲን፦ ሰዓቱ ሲሞላ ሁሉም ይቆረጣል

ስሙ ያስፈራል። ፈረንሳዮች አንገት ይቆርጡበት የነበረ መሣሪያ ነው። በፓርላማ ቋንቋ ግን «ሰዓቱ ሲያልቅ ያልተነካው ሁሉ ያለ ክርክር ለድምፅ ይቀርባል» ማለት ነው። መነሻው እንግሊዝ ነው፣ ነገሩም ከበጀት አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1881 የአየርላንድ ተወካዮች ሆን ብለው እየተናገሩ አንድን ስብሰባ ከ41 ሰዓት በላይ ጎተቱት። ከዚያ በኋላ ክርክር የመዝጊያ ደንብ ወጣ። በ1887 ደግሞ ጊሎቲን መጣ።

ሕንዶች ይህን ለበጀት ይጠቀሙበታል። በጀቱ የካቲት 1 (በእነሱ አቆጣጠር) ይቀርባል። የየሚኒስቴሩ የገንዘብ ጥያቄ ለየብቻ ይከራከሩበታል። የተመደቡት ቀናት ሲያልቁ የቀሩት ባንድ ላይ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ችግሩ የትኛው ሚኒስቴር ቀድሞ ለክርክር ይቅረብ የሚለው ላይ ነው። ያልተመረጠው ሳይነካ ያልፋል። ፓርላማው በጭቅጭቅ የታወከ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ሳይነካ ያልፋል። በ2018 እና በ2023፣ እ.ኤ.አ. ነው የምላችሁ፣ የታችኛው ምክር ቤት የሚኒስቴሮቹን ጥያቄ በሙሉ ያለ ክርክር አጽድቋል። እኛ አምና በ5 ደቂቃ የሠራነውን በትልቁ ሠሩት።

ከሕንዶች ግን በጣም የወደድኩት አንድ ነገር አለ። የቅነሳ ሐሳብ ይሉታል። ሦስት ዓይነት ነው። የአንድን ሚኒስቴር ፖሊሲ ከነጭራሹ የሚቃወም አባል «በጀቱ ወደ 1 ሩፒ ይውረድ» ይላል። ብክነት አየሁ የሚል ደግሞ «ይህን ያህል ይቀነስ» ብሎ ልኩን ይጠቅሳል። ሦስተኛው የምልክት ቅነሳ ነው፦ «100 ሩፒ ይቀነስ»።

መቶ ሩፒ! ከቢሊዮኖች መቶ ሩፒ ምን ያደርጋል? ገንዘቡ ምንም አያደርግም። አባሉ ግን አንድ የተለየ ቅሬታ በመዝገብ ያስይዛል፣ ሚኒስትሩም ለዚያች ቅሬታ ብቻ መልስ መስጠት ይኖርበታል። «ስለ መንገድ ጠይቄ ስለ ዕድገት ተመለሰልኝ» የሚባል ነገር ይቀንሳል። ሐሳቡ የሚያልፈው እምብዛም ነው። ካለፈ መንግሥት አመኔታ እንዳጣ ስለሚቆጠር ገዢው ወገን አጥብቆ ይከላከላል።

ጊሎቲን ለማን ይሆናል? ሰዓት ለሌለው፣ አባላቱ ብዙ ለሆኑበትና ስብሰባው በማንኛውም ዋጋ ዛሬ ማለቅ ላለበት። ለብቻው ግን አትውሰዱት። ከወሰዳችሁ ርዕሶቹን በዕጣ አሰልፏቸው። ቅደም ተከተሉን መንግሥት ካወጣው የሚያሳፍረውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

የአሜሪካ ሴኔት፦ ሰዓት አለ፣ ማሻሻያ ግን አያልቅም

እነዚህ ደግሞ በሰዓት ቆጥረው ነው የሚከራከሩት። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የበጀት ሕጋቸው መሠረት ሴኔቱ በዓመቱ የበጀት ማዕቀፍ ላይ 50 ሰዓት ይከራከራል። ማዕቀፉን ለማስፈጸም በሚወጣው ልዩ ሕግ ላይ ደግሞ 20 ሰዓት። ሰዓቱ ሲያልቅ ክርክሩ ይዘጋል፣ ማሻሻያ ማቅረብ ግን አይዘጋም። ስለዚህ ከመሸ ጀምሮ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረባል። አባላቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሡና ሲቀመጡ ያድራሉ። ብዙዎቹ ማሻሻያዎች እንደሚወድቁ ያቀረባቸውም ያውቃል። ተቀናቃኙ «እገሌ የጡረተኞችን ገንዘብ ተቃወመ» ተብሎ በምርጫ ጊዜ እንዲጠቀስ ነው።

በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አንድ ሴናተር 628 ገጽ ያለው ሰነድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብልኝ አሉ። መብታቸው ነው። ጸሐፊዎቹ እየተቀባበሉ 11 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አነበቡት። ሌሊት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብሎ ገጽ 400ን የሚያነብ ሰው ይታያችሁ።

ይህን ያህል ሰዓት ቆጥረውም ጥቅምት 1 (የእነሱ) በጀት ዓመቱ ሲገባ አንዳንዴ ገንዘቡ ሳይጸድቅ ይቀርና መሥሪያ ቤት ይዘጋል። በ2025 ለ43 ቀን ተዘግቷል። ቀነ ገደብ ያለው ደንብ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ካልተናገረ ምን ይፈይዳል? ጀርመኖች ይህን በሕገ መንግሥታቸው ጽፈውታል፤ በጀት ቢዘገይ መንግሥት ግዴታ ያለበትን ወጪ እየከፈለ ይቀጥላል።

ለኛ አዳራሽ አይሆንም። አንድ ጥቅም ግን አለው፣ ልክደው አልችልም። እያንዳንዱ አባል በእያንዳንዱ ነገር ላይ አቋሙ በስሙ ይመዘገባል። «ሁላችንም ደግፈናል» ብሎ መደበቅ የለም።

ስዊድን፦ መጀመሪያ ጣሪያው

አሁን ወደ ወደድኩት መጣሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እድራችን ላውራ።

የሰፈራችን እድር ዳኛ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዱ ይነሣና «ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ብር ይጨመር» ይላል። ሁሉም ያጨበጭባል። ሌላው «አዲስ ድንኳን ይገዛ» ይላል። ይጨበጨባል። «ወንበርም ተሰባብሯል።» ይጨበጨባል። አያ ዳኛ ጭብጨባው እስኪያልቅ ይጠብቁና «ከየት ይምጣ?» ይላሉ። ጸጥ። የወር መዋጮ ይጨመር የሚል አንድም ሰው አይገኝም።

ስዊድኖችም እንዲሁ ሲያጨበጭቡ ኖረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ገጠማቸው። ያን ጊዜ የፓርላማቸው አሠራር ከዝርዝር ወደ ድምር ነበር። እያንዳንዱ ወጪ ለየብቻው ይጸድቃል፣ በመጨረሻ ሲደመር ስንት እንደሆነ ይታያል። ከቀውሱ በኋላ ገለበጡት። አሁን መንግሥት በጀቱን በመስከረም (የእነሱ) ያቀርባል። ፓርላማው በመጀመሪያ ድምፁ ጠቅላላውን የወጪ ልክና የ27ቱን የወጪ ዘርፎች ጣሪያ ባንድ ላይ ይወስናል። ከዚያ የየዘርፉ ኮሚቴ በተሰጠው ጣሪያ ውስጥ ይከፋፈላል። ለጤና ልጨምር የሚል ከዚያው ከጤና ዘርፍ ማንሣት አለበት። ጣሪያው አንዴ ከተቆለፈ ከጎረቤት ዘርፍ መበደር የለም።

ልብ በሉ፣ ተቃዋሚውም እንዲሁ ነው የሚታሰረው። «ይሄ ይጨመር፣ ያ ይጨመር» ብቻ ማለት አይችልም። የራሱን ሙሉ በጀት ይዞ ይመጣል፣ ሙሉው ከሙሉው ጋር ይወዳደራል። ይህ የሚያስከትለውም ጉድ አለ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ማግዳሌና አንደርሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በተመረጡበት ዕለት ፓርላማው የተቃዋሚውን በጀት አጸደቀ። በጥምር መንግሥታቸው ውስጥ የነበረው ሌላው ፓርቲ በሌላ ሰው በጀት አልገዛም ብሎ ከመንግሥት ወጣ። ሴትዮዋ በሰዓታት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ከቀናት በኋላ ተመልሰው ቢመረጡም በዚያው በተቃዋሚዎቻቸው በጀት መሥራት ነበረባቸው።

ጉድለቱ ይሄ ነው፦ ዋናው ውሳኔ የሚያልቀው መጀመሪያ ላይ ነው። ተኝቶ የዘገየ፣ ወይም ዝርዝሩን ሳያነብ የመጣ አባል ባቡሩ አምልጦታል። ትንሽ ቡድንም ሙሉ በጀት ለማዘጋጀት አቅም ላይኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ «ከየት ይምጣ?» የሚለውን ጥያቄ ከአንድ ሽማግሌ አፍ አውጥቶ ደንብ ውስጥ ያስገባ ሌላ አሠራር አላየሁም።

በአጭሩ የማልፋቸው

ጀርመኖች ሥራውን ለኮሚቴ ይሰጣሉ። በጀቱ በሦስት ንባብ ያልፋል፣ ዋናው ጉልበት ግን የበጀት ኮሚቴው ነው። የኮሚቴውን የሰብሳቢነት ወንበር እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ በልማድ ይይዘው የነበረው ትልቁ የተቃዋሚ ፓርቲ ነው። ይህቺን ልማድ ወድጃታለሁ። ገንዘቡን የሚያወጣው አንዱ፣ መዝገቡን የሚይዘው ሌላው። ግን ሳምንታት ይፈጃል። እናንተ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ካላችሁ እርሱት።

በፈረንሳይ ፓርላማው በጀቱን በ70 ቀን መጨረስ አለበት። አባላት ወጪ የሚጨምር ማሻሻያ ማቅረብ አይችሉም። መንግሥት ከፈለገ ደግሞ «ያለ ድምፅ ይለፍ፣ ካልወደዳችሁ ጣሉኝ» ማለት ይችላል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የሚሼል ባርኒዬ መንግሥት በማኅበራዊ ዋስትና በጀት ላይ እንዲህ አለ፤ ጣሉት። ለትምህርት ቤት የሚሆን ጨዋታ አይደለም።

ጎረቤታችን ኬንያ ግን ቆም ያደርጋል። በሕገ መንግሥታቸው የወጪ ዕቅዱ በጀት ዓመቱ ከማለቁ ቢያንስ 2 ወር ቀድሞ ለፓርላማ ይቀርባል። ኮሚቴው ሕዝቡን የመስማት ግዴታ አለበት። እንግዲህ መስማትና መቀበል ለየቅል ናቸው። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የግብር ሕጉ ረቂቅ በፓርላማ ሲያልፍ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ሞተ፣ ፕሬዚዳንቱም በማግሥቱ አልፈርምም አሉ። ቢሆንም ሁለት ወሯን ውሰዱ። ረቂቁን ለአባላት ቀድሞ መስጠት ምንም ወጪ የለውም። እኛ አምና ጠዋት አባዝተን ከሰዓት ተከራከርን፤ ማን ያንብበው?

የቱን ልምረጥ?

አባላታችሁ ዝም የሚሉ ከሆኑ የምልክት ቅነሳ ይጠቅማችኋል፤ አንድ ትንሽ ነገር ይዞ መናገር ለዓይን አፋርም ይቀላል። አባላታችሁ እንደኔዎቹ የማይጠግቡ ተናጋሪዎች ከሆኑ ጊሎቲን ያስፈልጋችኋል፣ ርዕሶቹን በዕጣ አድርጋችሁ። ሁሉም «ይጨመር» ባይ ከሆነ ከስዊድን ውጪ መድኃኒት የለም። ተቃዋሚ የሚባል ቡድን ከሌላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ፍጠሩ። በአንድ ረቂቅ ብቻ ውድድር የለም።

እኛ ዘንድሮ ቀላቅለናል። ጠቅላላ 180 ደቂቃ አለን። ለማብራሪያ 20። በአራቱ ዋና ክፍሎች፣ ማለትም በመደበኛው፣ በካፒታሉ፣ ለክልሎች በሚሄደው ድጋፍና በዘላቂ ልማት ግቦች ጣሪያ ላይ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ይቆለፋል። በየጣሪያው ውስጥ ለየአንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ተራው በዕጣ። ለምልክት ቅነሳ 25። ለመጨረሻው የስም ጥሪ ድምፅ 15። ረቂቁ ከ2 ሳምንት በፊት ይታደላል። ማሻሻያ የሚያቀርብ ሁሉ ካርድ ይሞላል፣ ካርዱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ አለ፦ «ይጨመር» እና «ይቀነስ»። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ካርዱ አይነበብም። ተጨማሪ በጀት ከመጣም ያው ካርድ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሞከርነው። ጣሪያው ከተቆለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ካርድ ይዞ ተነሣ። ይጨመር፦ በካፒታል በጀት፣ ከጣና ላይ እምቦጭ ለማስወገጃ ማሽን። ይቀነስ፦ ከመደበኛ በጀት፣ የስብሰባ አበል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አፈ ጉባኤዋ ዘንድሮ ደወል መደወል ተምራለች። «ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ነው፤ ተቆልፏል፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ማምጣት ነበረብህ» አለችው። ተናደደ። «ሐይቁ እዚህ ደጃችን ላይ ነው እኮ!» አለ። ደንብ ነው አለችው።

ተቀምጦ አሰበ። የምልክት ቅነሳው ሰዓት ሲደርስ እንደገና ተነሣ። «ከአካባቢ ጥበቃ በጀት 100 ብር ይቀነስ። ምክንያቱም ሚኒስትሩ እስከ አሁን ምን ያህል ሄክታር እንደጸዳ አልነገሩንም።» ሚኒስትር የሆነው ልጅ ወረቀቱን አገላበጠ። ስለ አረንጓዴ ልማት ጀመረ። ደወል። ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ጀመረ። ደወል። «ሄክታሩን» አለችው አፈ ጉባኤዋ። ትንሽ ዝም አለና «በጽሑፍ እመልሳለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ቅነሳው በ27 ድጋፍ በ31 ተቃውሞ ወደቀ። የጽሑፍ መልሱን እስከ ማክሰኞ እየጠበቅን ነው።